ልጄ አይደለም

እዚህ አገር ሰው ጉልበቱን ሲያመውም ልጅነቱን ሲያመውም ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። ጉልበቱስ ይሁን፤ እኔን የገረመኝ ልጅነቱ ነው። እኛ ልጅነት ማለት ከቁምጣው ጋር አብሮ የሚወልቅ፣ ከወለቀም በኋላ ለታናሽ የሚተላለፍ ነገር ይመስለን ነበር። ለንደን ከገባሁ በኋላ ግን ከረባት ያሰረ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ የልጅ ልጅ ያየ ሰው “በሰባት ዓመቴ አባቴ የኳስ ጨዋታዬን ሊያይ አልመጣም” ብሎ በቴሌቪዥን ሲያለቅስ አየሁ። ሳቄ መጣ። አባቱ አልመጣም ብሎ! የእኛ አባቶች ትምህርት ቤት የሚመጡት ሊያስገርፉን ብቻ ነበር፤ ባይመጡ ደስታችን ነው። ሳቄን ሳልጨርስ ባለቤቴ ሰናይት ዞር ብላ “አንተ ደግሞ በሰው ትስቃለህ?” አለችኝ።

“ምነው? ተቀየምሽኝ እንዴ?” አልኳት።

“ይኸው!” አለች።

ይኸው ያለችበትን ምክንያት ላስረዳችሁ። እኔ ሰው ተቀየመኝ ብዬ የምጨነቅ ሰው ነኝ። መጨነቅ ስል እናንተ አልፎ አልፎ እንደምትጨነቁት አይደለም። ስልክ ደውዬ ካልተነሳልኝ ባለፈው ስንገናኝ ያልኩትን ሁሉ ከ“ጤና ይስጥልኝ” ጀምሬ ቼክ አደርጋለሁ። መልእክት ልኬ፣ ሰውዬው ማንበቡን የሚያሳብቁት ሁለት ምልክቶች ታይተው፣ መልስ ካልመጣ በቃ፤ የዚያን ቀን ምሳ አይወርድልኝም። ሰው ቤት ከተጋበዝኩ ደግሞ ተቀምጬ ከምበላበት ጊዜ ቆሜ ሳህን የማጥብበት ይበልጣል። ክላፋም የሚኖር ወዳጃችን ልጁን ሲድር የክብር እንግዳ ሆኜ ተጠርቼ፣ ድግሱ ሲያልቅ ከአስተናጋጆቹ ጋር ተሰልፌ ፎቶ ተነስቻለሁ። የአስተናጋጆቹ አለቃማ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ስንት ሰዓት መግባት እንዳለብኝ ነግሮኝ ነው የሄደው።

ሥራዬ ኬኒንግተን ውስጥ ያለ አንድ የመኖሪያ ሕንፃ ኬርቴከር መሆን ነው። ደረጃ እጠርጋለሁ፣ አምፖል እቀይራለሁ፣ ሊፍት ሲቆም ለሚመለከተው እደውላለሁ። አለቃዬ ኮሊን ይባላል። ስሜ ማስረሻ ነው፤ እሱ ግን ምላሱ አልታዘዝ ስላለው “ማሽ” ይለኛል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ጠዋት ጠዋት ቢሮው በር ላይ ቆሜ “ኮሊን፣ ተቀይመኸኛል እንዴ?” እለው ነበር። የመጀመሪያው ቀን ደነገጠ፤ “ምን አድርገህ?” አለኝ። በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር ሰብሬ የደበቅኩ መስሎት ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች ዞሮ ቼክ አደረገ። በወሩ ለመደኝ። ገና በሩን ስከፍት “ጉድ ሞርኒንግ ማሽ፣ አልተቀየምኩህም” ይለኛል፤ እኔም መጥረጊያዬን አንስቼ እሄዳለሁ። ሰባት ዓመት እንዲህ ኖርን።

ሰናይት ክሊኒክ ውስጥ ሪሴፕሽን ላይ ነው የምትሠራው። እዚያ ስትሰማ የዋለችውን ማታ እኔ ላይ ትሞክራለች። “ማሴ፣ ይሄ ነገር ከልጅነትህ የመጣ ነው። ለምን ካውንስሊንግ አፕላይ አናደርግልህም?” ትለኛለች። የእኔ ልጅነት ምንም አልሆነም እላታለሁ። በልቼ አድሬአለሁ፣ ተምሬአለሁ፣ ጫማም ነበረኝ። እሷ ግን “ጫማውን ማን ጠየቀህ?” ትለኛለች። እሷን ሸወድኳት እንጂ እናንተንስ አልሸውድም፤ ነገሩ ከጫማ በላይ ነው።

ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ እትዬ ብርቄ ቤት ነው። እትዬ ብርቄ እናቴ ናት። ልብ አድርጉልኝ፣ እትዬ ነው ያልኩት። እማዬ ብያት አላውቅም። አፌን በፈታሁበት ሰሞን “እማ” ስል በመዳፏ አፌን ከድና “እትዬ በል” ትለኝ እንደነበር ሰምቻለሁ። እሷም በበኩሏ ልጄ ብላኝ አታውቅም። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ልጄ ትላለች። ወተት የሚያመጣላትን፣ ሎተሪ የሚያዞረውን፣ በኳስ መስኮቷን የሰበረባትን ሳይቀር “ና እስቲ ልጄ” ትላለች። እኔን “አንተ” ነው የምትለኝ። መንገድ ላይ ሰው “ይሄ ልጅሽ ነው?” ሲላት ፊቷን ወዲያ መልሳ “አይ፣ የጎረቤት ልጅ ነው” ብላ ታልፋለች። አባቴ ወታደር ነበር፤ እኔ ሳልወለድ ዘምቶ አልተመለሰም። ስለዚህ ሌላ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

የተባሉት ጎረቤት እማማ ድንቄ ናቸው። ከአጥር ወዲያ ይኖራሉ። በአንድ ጣሳ ገብስ እንደገዙኝ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ እሳቸውም አይደብቁም። ጠዋት አንገታቸውን በአጥሩ ላይ አስግገው “ዕቃዬ እንዴት አደረ?” ይላሉ። ካጠፋሁ ደግሞ “ኋላ መጥቼ እንዳልወስድህ!” ይላሉ። ትልቅ ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ አልጋ ስር እገባለሁ።

“ኧረ ይሄማ የታወቀ ልማድ ነው” ትሉኝ ይሆናል። እኔም አውቀዋለሁ። ልጅ አልበረክትላት ያለች እናት የሚቀጥለውን ለጎረቤት በይስሙላ ትሸጠዋለች፣ የኔ አይደለም ትላለች፣ እማዬ እንዲላትም አትፈቅድም፤ ወሳጁ ተታሎ ያልፈዋል ተብሎ ነው። ስለ ሌላ ሰው ሲወራ ሰምቼ ራሴን ነቅንቄ አውቃለሁ። ነገር ግን በእኛ ቤት የሞተ ልጅ ስም ተጠርቶ አያውቅም፤ ፎቶም መቃብርም አላየሁም። እኔ የማውቀው ገብሱን ብቻ ነው።

ሌላው ልጅ ሲያጠፋ ይገረፋል፤ እኔ ባጠፋ በአጥሩ ላይ ተመልሼ እሻገራለሁ ብዬ ነው የማስበው። ስለዚህ ላለመመለስ ሥራ ጀመርኩ። ሳልታዘዝ ውኃ ቀዳሁ፣ ሳልጠየቅ ግቢ ጠረግሁ፣ የእትዬን ጫማ ቦረሽኩ። ማታ ማታ አጠገቧ ሄጄ “እትዬ፣ ተቀየምሽኝ እንዴ?” እላታለሁ። “ሂድ አንተ፣ ተጫወት” ትለኛለች። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ እማማ ድንቄ ሞቱ። ለቅሶው ላይ ከዘመድ በላይ አለቀስኩ። ሰው “ምን ዓይነት አንጀት ያለው ልጅ ነው!” እያለ አደነቀኝ። እኔን ያስለቀሰኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነበር፤ ባለቤቴ ሞቱ፣ ታዲያ አሁን እኔ የማን ነኝ?

ካደግኩ በኋላ ለምን አልጠየቅካትም በሉኝ። መጠየቅ ማለት መልስ ማግኘት ነዋ። የምትሰጠኝን መልስ ስለፈራሁ ሳልጠይቅ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ። የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ባለፈ በዓመቱ፣ አገሩ ሁሉ በተኳረፈበት ሰሞን፣ ወደ ለንደን ተሻገርኩ። ኩርፊያን ለሚፈራ ሰው የማይሆን ጊዜ ነበር። ስሸኝም ሌሎች እናቶች እየጮኹ ልጄን ልጄን ሲሉ እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ “በል አንተ፣ በሰላም ግባ” አለችኝ።

በስምንተኛው ዓመት እትዬ እንድትጎበኘን ቪዛ አፕላይ አደረግን። ፎርሙ “ከጋባዡ ጋር ያለዎት ዝምድና” የሚል ቦታ ነበረው። እዚያ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ሰናይት ከኋላዬ መጥታ “ምን ያስባል?” ብላ “እናት” ብላ ሞላችው። ቪዛው ተፈቀደ። የትኬቱ ቀን ደረሰ። ሰናይትና እኔ አውሮፕላኑ ከማረፉ ሁለት ሰዓት ቀድመን አየር ማረፊያ ደረስን፤ ብዘገይባት ትቀየመኛለች ብዬ ነው።

አውሮፕላኑ አረፈ። መንገደኛው እየወጣ፣ እየተቃቀፈ፣ እየተላቀሰ አለቀ። እትዬ የለችም። አንድ ሰዓት ከጠበቅን በኋላ ስልኬ ጮኸ።

“ሚስተር ማሬሻ?” አለ ረጋ ያለ የወንድ ድምፅ። የድንበር ሹም ነው። “እዚህ አንዲት አረጋዊት አሉ። የቪዛ ፎርማቸው እናትህ ናቸው ይላል። በአስተርጓሚ ሦስት ጊዜ ጠየቅናቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ ልጄ አይደለም፣ የጎረቤት ልጅ ነው አሉን።”

እንግዲህ ፍረዱኝ። አርባ አንድ ዓመት ስጠራጠር የኖርኩትን ነገር የእንግሊዝ መንግሥት በስልክ አረጋገጠልኝ። አጠገቤ ካለው የመጠጥ ማሽን ላይ ተደገፍኩ። ሰናይት እጄን ይዛ “ምን አሉህ?” ትለኛለች። “ልጄ አይደለም አለቻቸው” አልኳት። “እንዴ! በል አስረዳቸው እንጂ፣ በመጣችበት አውሮፕላን ነው የሚመልሷት!” አለች። ሹሙም በትሕትና “ይህን የሚያብራራ ነገር አለ?” ሲል ጠየቀኝ። ምን ልበለው? ለራሴ ያላብራራሁትን!

“እባክህ፣ እኔ ላናግራት” አልኩት። ስልኩን ሁሉም በሚሰማበት አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ኳ ሲል ሰማሁ።

“እትዬ! ማስረሻ ነኝ። ልጄ ነው በያቸው!”

“ዝም በል አንተ!” አለች።

አንዲት ሴት በጠራ እንግሊዝኛ “ዝም በል አንተ” ብላ ለሹሙ ተረጎመችለት።

“እትዬ፣ ይመልሱሻል እኮ!”

“ይመልሱኝ!”

“ይመልሱኝ” አለች አስተርጓሚዋ።

ልጄ ነው ከምትል ሌሊቱን ሙሉ የበረረችበትን መንገድ ተመልሳ መብረር መረጠች ማለት ነው። እንደዚያን ጊዜ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። የስድስት ዓመት ልጅ ብሆን የምገባበት አልጋ ነበረኝ፤ እዚያ ሁሉ ሰው መሐል ግን የመጠጥ ማሽን ስር አይገባም።

ከዚያ ወንበር ሲጎተት ተሰማኝ። እትዬ ወደ አስተርጓሚዋ ተጠግታ መሆን አለበት፣ ድምፅዋ ሹክሹክታ ሆነ። አንድም ቃል አልለይልህ አለኝ። አስተርጓሚዋ ግን በአማርኛ “እማማ፣ እዚህ የሚናገሩትን ሁሉ የመተርጎም ግዴታ አለብኝ” ስትላት ሰማሁ። ሹክሹክታው ቀጠለ። ረጅም ነበር። ሲያበቃ ሹሙ “ምን አሉ?” አለ።

አስተርጓሚ አጋጥሟችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ “እሳቸው እንዲህ አሉ” አይልም። የሥራው ደንብ እንደ ተናጋሪው ሆኖ “እኔ” ማለት ነው። ያቺ የማላውቃት ሴትም ጉሮሮዋን ጠረግ አድርጋ፣ እናቴ እንዳልሰማ ብላ የሸሸገችውን ሁሉ፣ እኔ በምሰማው እንግሊዝኛ፣ ጮክ ብላ ተናገረች።

“እናቱ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የወለድኩት። ከእሱ በፊት ሁለት ወልጄ ሁለቱንም ቀብሬአለሁ። የመጀመሪያው እማዬ ማለት በጀመረ በወሩ ሄደ። ሁለተኛዋን ልጄ ልጄ ስል ዓመቷን ሳትደፍን ሄደች። ሦስተኛው ሲመጣ ለጎረቤት ሸጥኩት። የኔ አይደለም አልኩ። አርባ አንድ ዓመት ‘አይደለም’ እያልኩ አቆየሁት። አሁን አንተ ስለጠየቅከኝ ‘ነው’ ብዬ፣ ቢሰማብኝስ?”

ሹሙ “ማነው የሚሰማው?” አለ።

ሹክሹክታ።

“ስሙን አንጠራውም” አለች አስተርጓሚዋ። እስከዚያ ድረስ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ የነበረው ድምፅዋ እዚህ ላይ ተሰበረ።

የኪቦርድ መንኳኳት ሰማሁ። ሹሙ ምን ብሎ እንደጻፈው ማወቅ እስከ ዛሬ እንዳማረኝ አለ። ከዚያ ስልኩን አነሳና “ሚስተር ማሬሻ፣ ሌዲዋ አሁን ይወጣሉ” አለኝ። እናትህ አላለም። ዝም ብሎ ይሁን ገብቶት አላውቅም፤ እኔ ግን ገብቶት ነው ብዬ መርቄዋለሁ።

አለቀስኩ። መደበቅ አያስፈልግም፤ የሰው ስም የተጻፈበት ወረቀት ይዘው የቆሙት ሾፌሮች ሁሉ እስኪያዩኝ ድረስ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ሰናይት “ምን ሆንክ? ለቀቋት አይደል እንዴ?” ትለኛለች። “ማስረሻ ነኝ” አልኳት። “አውቃለሁ” አለች ግራ ገብቷት። ስሜን ማለቴ ነበር። እንዲህ ዓይነት ስም ለምን እንደሚወጣ ማንም ያውቃል፤ ሐዘን ለማስረሳት ነው። ሙሉ ዕድሜዬን ስጠራበት ማንን እንዳስረሳሁ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። እነዚያን ሁለት ልጆች ነው ለካ። እህትና ወንድም ነበሩኝ። ለእነሱም አለቀስኩ፤ ከዚያ ሁሉ በላይ ግን እፎይ አልኩ። ያ ሁሉ “አይደለም”፣ ያ ሁሉ ፊት መመለስ፣ ስታባርረኝ ሳይሆን ስትደብቀኝ ነበር።

በሩ ተከፈተ። እትዬ ከራሷ የሚበልጥ ሻንጣ በጋሪ እየገፋች ወጣች። ከላይ እስከ ታች አየችኝና “ከስተሃል አንተ” አለችኝ። አቀፍኳት። እንግሊዝኛ ስለማታውቅ የሰማሁትን አላወቀችም። እኔም አልነገርኳት። አርባ አንድ ዓመት የደከመችበትን ሥራ በአንድ ቃል ላፈርስባት? “እንዴት ለቀቁሽ?” ስላት “ጨዋ ሰው ነው፣ ገባው” ብላ ብቻ መለሰችልኝ።

ከዚያ ወዲህ ድኛለሁ ብላችሁ ውሸት ይሆንብኛል። ሰው ቤት አሁንም ሳህን አጥባለሁ፤ እጄ ለምዶታል። ነገር ግን በሰኞው ሥራ ስገባ በቀጥታ መጥረጊያዬን አንስቼ ወደ ደረጃው ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ስደርስ ኮሊን እያለከለከ ተከትሎኝ መጣ።

“ማሽ፣” አለኝ፣ “ተቀይመኸኛል እንዴ?”

በአስራ አምስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ እትዬና እኔ ከገበያ ተመልሰን ስቶክዌል ያለው ቤታችን ሊፍት ውስጥ ገባን። ሚስ ፐርልም አብራን ገባች። ሚስ ፐርል ከላያችን የምትኖር ጃማይካዊት ናት፤ የማትጠይቀው ነገር የለም። እትዬን አየች፣ እኔን አየች፣ ፊቷ በራ።

“ዩር ማም?” አለችኝ።

ይህንን ለመረዳት እንግሊዝኛ መማር አያስፈልግም። እትዬ ክንዴን ጨብጣ ያዘች። ያን ሁሉ ዓመት መልሱን ስትሰጥ የኖረችው እሷ ነበረች፤ አሁን ግን የተጠየቅኩት እኔ ነኝ፣ በማታውቀው ቋንቋ፣ ምን እንደምል ሳታውቅ።

“ኖ፣ ኖ፣” አልኩ ፈጠን ብዬ። “የጎረቤት ልጅ ነኝ።”

ሚስ ፐርል አንዴ የእኔን አፍንጫ፣ አንዴ የእትዬን አፍንጫ አየችና “ኦኬ ዳርሊንግ” አለች።

“ምን አልካት?” አለች እትዬ።

“የጎረቤት ልጅ ነኝ አልኳት።”

“ጎሽ! ጎሽ ልጄ!” አለች።

ከዚያ ያለችውን ራሷ ሰማችው። መዳፏን አፏ ላይ ጭና የሊፍቱን አራቱንም ማዕዘን፣ ቀጥሎም ጣሪያውን አየች።

“አይዞሽ እትዬ፣” አልኳት፣ “ሚስ ፐርል አማርኛ አትሰማም።”